ለስግድ በቀን የወጣን ዕለት

ትርሲት የደወለችልኝ ጋምቤላ፣ ከምሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጬ የአንዲት ሕፃን የወባ ስላይድ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ሳለ ነው። ትርሲት የአጎቴ ልጅ ናት፤ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ስለዚህ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም፣ “እማዬ ምን ሆነች?” አልኳት።

“እናትሽ እትዬ ጥሩ፣ ደህና ናቸው” አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “እትዬ ዘኒ፣ ዘንድሮ ስግድ በቀን ነው” አለችኝ።

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሳሁ። ይህ ወሬ ለምን እንዳስደነገጠኝ እንዲገባችሁ እኛ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ።

እኛ ከመንዝ፣ ከቀየት በላይ ካለው ደጋ የተበተንን ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ቤተ እስራኤል ነን፤ ኦሪትን እንጠብቃለን። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ይሸምን ነበር፤ እናቴ እስከ ዛሬ ሸክላ ትሠራለች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ስም ለመሸሽ ወላጆቻችን ከጎረቤቱ ጋር አብረው ጾሙ፣ አብረው ዝክር ዘከሩ፣ ዕድር ገቡ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን እሳታችን ይጠፋል፤ በራችንም ይዘጋል። ቅዳሜ ከቤታችን ጭስ የማይወጣው ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ቢኖር እናቴ ራሴን አሞኝ ነው ትላለች። የእናቴ ራስ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሲታመም ዕድሜዋን ኖረ።

ስግድ ደግሞ አባቶቻችን ጾመው፣ በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው፣ ተራራ ላይ ወጥተው ኦሪት የሚሰሙበት፣ ከአምላክ ጋር የተገባውን ቃል የሚያድሱበት በዓል ነው። እኛ ጋ ተራራው ቀርቶ ገና ጎህ ሳይቀድ በአባቴ መሸመኛ ቤት፣ በሩ ተቀርቅሮ በሹክሹክታ ነበር የሚጸለየው። እኔ በልጅነቴ ጸሎት ማለት በሹክሹክታ የሚባል ነገር ይመስለኝ ነበር።

“በቀን ማለት? ኮረብታው ላይ?” አልኳት ትርሲትን።

“ኮረብታው ላይ። ጎረቤትም ተጠርቷል።”

“ማን ጠራ?”

“እናትሽ ናቸው የጠሩት። እትዬ ደብሪቱን ከነባለቤታቸው” አለች።

እትዬ ደብሪቱ ከእናቴ ጋር አንድ አጥር የሚጋሩ ናቸው። ባለቤታቸው መምሬ አበበ የደብሩ ቄስ ሲሆኑ ዕድሩንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እናቴ አጥሩ ሥር ቆማ ማንነታችንን በግልጽ ነግራ፣ ለስግድ ምሳ ኑ ብላቸዋለች።

“እሳቸው ምን አሉ?”

“ምንም። ከዚያ ወዲህ እሳት ልጫር ብለው እንኳ ብቅ አላሉም።”

ያን ጊዜ እኔ ጥንቁቅ ሴት ነበርኩ። እዚህ ጋምቤላ ሰንበትን የማከብረው እሑድ የማንም ተራ ሲሆን እየገባሁ፣ ቅዳሜዬን እየለወጥኩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ‘አንዷ ቅዳሜ የምትጾም ጴንጤ’ ይሉኛል፤ አላርማቸውም። በአምላኬ አፍሬ አላውቅም። ሃይማኖት ግን በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ንብረት ይመስለኝ ነበር፤ የተከፈተ ሣጥን ደግሞ ይዘረፋል። እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እትዬ ደብሪቱ ፊታቸውን ካዞሩባት ስትታመም ውሃ ማን ይቀዳላታል? ነገ ብትሞት ማን ይሸከማታል? ሸክላዋንስ ገበያ ላይ ማን ይገዛታል?

ፈቃድ ሞልቼ ተነሳሁ። ኮረብታው ላይ ልወጣ አልነበረም፤ እናቴን ላስቀራት ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የሰነበተበት ጊዜ ስለነበር አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም እያደርኩ ነው የሄድኩት። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ አንዲት ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ሳትጠይቀኝ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉም ሽሮና ምስር ነው የሚበላው። እንደ እናቴ ከሰው እጅ አልበላም ስለማልል በላሁና ወጣሁ። ምንም አልታሰበኝም።

እናቴን ያገኘኋት የደረቀ እንስራ በለስላሳ ድንጋይ ስታሻሽ ነው። ሳመችኝ፣ መልኬን አየች፣ የጋምቤላ ሙቀት አክስቶሻል አለች፤ ከዚያ ወደ እንስራዋ ተመለሰች። ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራት አውቃለች።

“እማዬ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ብንጸልይ እግዚአብሔር አይሰማንም?” አልኳት።

“ይሰማል። እሱን መቼ ቸገረው። የገዛ ድምፄን ሰምቼ የማላውቅ እኔ ነኝ።”

“እትዬ ደብሪቱ ቢጠሉሽስ?”

እጇን ከእንስራው ላይ አነሳች። “ልትጠላኝ ትችላለች” አለች። “ግን እስከ ዛሬ የወደደችው እኔን ይሁን ሌላ ሰው፣ አላውቅም። ሳላውቅ ልሙት እንዴ?”

ጉዳዩን ለማግስቱ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ግን ማን ጊዜ ሰጥቶኝ። መንደሩ የሠርግ ቤት መስሎ ዋለ። ከአባ ምናሴ ቤት ጀርባ አዲሱ ጸሎት ቤት በድንጋይ ተገንብቶ ጣሪያው ብቻ ቀርቶታል። አባ ምናሴ ጸሎታችንን የሚመሩልን አዛውንት ናቸው፤ የግዕዙን ኦሪት በቃላቸው ይዘው የቀሩልን እሳቸው ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ስንዴ ያበጥራሉ፣ ወጣቶቹ የሚወጣበትን መንገድ ከድንጋይ ያጸዳሉ። ለበዓሉ ከተገዛው በግ ሌላ፣ እንግዳ ስለሚመጣ ተብሎ ሁለተኛ፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት ተጨመረ። እኔም ሽንኩርት ስልጥ ዋልኩ። እናቴን ላስቀራት የመጣሁት ሴት፣ ለድግሱ ሽንኩርት።

ሐሙስ ጠዋት አባ ምናሴ በጎቹን በሕጋችን መሠረት ባረኩ። ሥጋው በእናቴ ትልልቅ ድስቶች ተጣደ፤ ትርሲት እሳቱን ዝቅ አድርጋ ቀስ ብሎ እንዲበስል አመቻቸችው። ከዚያ ሁላችን ነጭ ለብሰን፣ እንደ ጾምን፣ በየትከሻችን ድንጋይ ይዘን ወጣን።

ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። አውድማ ላይ ገብስ የሚወቁት ገበሬዎች በሬዎቹን አቁመው ሲያዩን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እናቴ ግን ከፊት ነበረች፤ ድንጋይዋን ሰዎቹ ወዳሉበት በኩል ባለው ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ “እንደምን አደራችሁ” እያለቻቸው አለፈች። እነሱም “እግዜር ይመስገን” አሏት፤ ሌላ ምን ይበሉ።

ኮረብታው ላይ አባ ምናሴ ኦሪቱን ገለጡ። በግዕዝ አነበቡ፣ በአማርኛ ተረጎሙ፣ እኛ ተቀበልን። ያንን ጸሎት ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በሙሉ ድምፅ ሲባል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለሙታኖቻችን መታሰቢያ እህል ድንጋዮቹ ላይ በተንን፤ ወፎች መጡ። አባ ምናሴም መጽሐፉን አጥፈው፣ ስለ ወላጆቹ ቃል መናገር የሚፈልግ ካለ ይውጣ አሉ።

በዚህ ጊዜ ትርሲት ነጠላዬን ሳበችኝ። “እየመጡ ነው” አለች በጆሮዬ።

ወደ ታች አየሁ። ሜዳውን የሚያቋርጥ ትንሽ መስመር፣ ከፊት የመምሬ አበበ ጥቁር ጃንጥላ፣ ከኋላቸው እትዬ ደብሪቱ በራሳቸው ላይ አንድ ነገር ተሸክመው፣ ከነሱም ጋር ሌሎች የዕድር ሰዎች። ዓይኔ እንባ ሞላ። መጡ አልኩ በልቤ፤ አልጠሏትም።

ነፋሱ ያን ጊዜ ከታች ነፈሰ። የወጡን ሽታ፣ የቅቤውን፣ የሙክቱን ላት አምጥቶ ፊቴ ላይ አስቀመጠው። የመሐል ሜዳዋ አስተናጋጅና ሽሮዋ ትዝ አሉኝ።

“ትርሲት” አልኩ፣ “የገና ጾም ገብቷል።”

ትርሲት አፏን በእጇ ያዘች።

ይህን ስሕተት ከእኛ ሌላ ማንም ሊሠራው አይችልም። እኛኮ የነሱን ጾም ከነሱ በላይ ነበር የምናውቀው። ማወቅ ነበረብን፤ አንድ ቀን ብንስት እንጋለጥ ነበርና እናቴ የጾም መግቢያ ሲቃረብ ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድማ የቅቤ ዕቃዋን የምትሰቅል ሴት ነበረች። ስግድም አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ሳይገባ ይውላል። ዘንድሮ ግን ጨረቃዋ ገፍታው ከጾሙ በኋላ ዋለ። እኛ ደግሞ ልክ ዘንድሮ፣ ማስመሰሉን በተውን በመጀመሪያው ዓመት፣ ከመቁጠር ተገላገልንና ረሳነው። ቄስን ከነሚስቱ በጾም ሙክት ብሉ ብለን ጠርተናል። ‘ማንነታቸውን ከገለጡ ወር ሳይሞላ በጾማችን ሊያላግጡ ሥጋ አርደው ጠበቁን’ ቢባል ምን እንመልሳለን?

ጸሎት ማቋረጥ አይቻልም። እኔና ትርሲት ሴቶቹ ከቆሙበት ከኋላ በኩል ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሸሸን። ልንወርድ ስንል ዞር ብዬ አየሁ። እናቴ ድንጋይዋን መሬት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልትናገር ወደ ፊት ወጣች። በሰው ፊት ቆማ ስትናገር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ እግሬ ቆመ፣ አንድ እግሬ ወረደ። ወረድኩ።

ቤት ደርሰን ያደረግነው ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ነው፤ መደበቅ። ትርሲት ድስቶቹን መሸመኛ ቤት እናግባና በሩን እንዝጋ አለች። እኔም ሳልከራከር በጨርቅ ይዤ አንሥቼ ነበር። ሽታውንስ አልኳት፤ ጎመን ዘር እሳት ላይ እንበትናለን አለች። በሩ ጋ ስንደርስ እናቴ ቃሏን ጨርሳ ከኮረብታው ወርዳ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ፊት ለፊታችን ቆመች። ሽታውን እሷም በመንገድ ሰምታዋለች፤ ነገሩ ገብቷታል።

“መልሱት” አለች።

“እማዬ፣ ደረሱ እኮ።”

“ይድረሱ። ዛሬም የምንደብቅ ከሆነ ምን ልንሠራ ወጣን?”

ድስቶቹን ወደ ጉልቻቸው መለስን። እናቴ እጇን ታጥባ እስከ አጥሩ በር ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። እንግዶቹ ደርሰው ሰላምታ ከመለዋወጣቸው በፊት እናቴ ተናገረች።

“ደብሪቱ፣ መምሬ፣ አጥፍተናል። ጾማችሁ መግባቱን ዘንግተን በግ አርደናል። ይኸው ሽታው። ልንንቃችሁ ብለን እንዳይመስላችሁ፤ ረስተነው ነው።”

መምሬ ጃንጥላቸውን አጠፉ። እትዬ ደብሪቱ ሸክማቸውን ከራሳቸው አውርደው እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

“ስሚ አንቺ ጥሩ” አሉ። “ያንን ሁሉ ዘመን ያንቺ ያልሆነውን ጾሜን ስትጾሚ አንድ ቀን ሳትስቺ፣ ገና ከመገላገልሽ ነው የረሳሽው?”

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው፤ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው። “እውነቷን ነው” አሉ። “ጾም ሲገባ ለደብሪቱ የምታስታውሻት አንቺ ነበርሽ። ዘንድሮ የሚነግራት አጥታ እኔን ስትጠይቅ ከረመች።”

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን የእትዬ ደብሪቱን ዓይን አይ ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።

“ተቀይሜሻለሁ” አሏት፣ ቀስ ብለው። “ኦሪት ስለጠበቅሽ አይደለም። ልጆቼን ያዋለድሽኝ ሴት ሆነሽ፣ እኔን ማመን እንዴት አቃተሽ ብዬ ነው የተቀየምኩት። ደጅሽን ያልረገጥኩት ለዚያ ነው።”

“ፈርቼ ነው” አለች እናቴ።

“እኔን?”

“አንቺን ማጣት።”

እትዬ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው ያመጡትን አቁማዳ ፈቱት፤ ባቄላና ስንዴ ነው፣ ጥሬ፣ ደረቅ። “ከእጃችን የተሠራ እንደማትበሉ ጠይቄ ሰማሁ” አሉ። “በግብዣዬ ላይ ሁሉ ስለት አለብኝ እያልሽ ሥጋዬን ስትመልሺ የኖርሽው አሁን ነው የገባኝ። ስለዚህ ውሃ እንኳ አላስነካሁትም። በራስሽ እሳት፣ በራስሽ ድስት ቀቅዪው። ንፍሮ ላንቺም ሕግ ነው፣ ለእኔም ጾም ነው።”

አንባቢዎቼ፣ እኔ በትምህርቴም በሥራዬም ብዙ ጠንቃቃ ሰው አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ ግን አላየሁም።

በመንዝ ብርድ ያልተዘፈዘፈ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። መምሬም በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የእኛ ሰዎች ከጸሎት በኋላ መብላት ሲችሉ፣ አባ ምናሴ ከኮረብታው እንደወረዱ ነገሩ ሲነገራቸው፣ እንግዳ ሳይበላ ማን ይበላል ብለው ወሰኑ። የሥጋው ድስት ለማታ ተከደነ። ሁላችንም ባቄላ እስኪበስል ስንጠብቅ፣ እሳቸው ለማኅበራችን ብቻ ሊናገሩት ያሰቡትን የዓመቱን ዕቅድ በእንግዶቹ ፊት ዘረዘሩት። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ከፋሲካችን በፊት መልበስ አለበት አሉ። ወጣቶች እሑድ እሑድ ከሰዓት ግዕዙን ከእሳቸው ይማራሉ፤ እሳቸው ሳያልፉ። ለፋሲካ ቂጣ የሚሆነው ስንዴ ከአሁኑ ተለይቶ ይቀመጥ፣ በማን ቤት እንደሚጋገርም ሴቶቹ ይወስኑ። ከዚያ ድምፃቸው ቀዘቀዘና፣ የመቃብር ቦታ ለራሳችን ልንጠይቅ ነው አሉ።

እኔን ከጋምቤላ ያመጣኝ ጥያቄ ይኸው ነበር።

መምሬ አበበ ጺማቸውን ዳሰሱ። “ከዕድሩስ ልትወጡ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“እናንተ ካላስወጣችሁን” አሉ አባ ምናሴ።

“ዕድር የሚሸከመው ሬሳ ነው፤ የት እንደሚያሳርፈው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው” አሉ መምሬ። “ድንኳኑ ይተከላል፣ እናንተም ለእኛ ትሸከማላችሁ። ያልተስማማ አባል ይኖራል፤ እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።”

እትዬ ደብሪቱ ወደ እናቴ ዞሩ። “አንቺን እኔ ራሴ አሸክሜ አደርስሻለሁ። ሕጋችሁ ከበሩ አትለፉ ካለ ከበሩ እመለሳለሁ” አሉ። “በክረምት ብቻ እንዳትሞቺ። ያ ዳገት ሲጨቀይ አልችልም።”

ንፍሮው ሲወርድ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። መምሬ በነሱ ሥርዓት ባረኩ፣ አባ ምናሴ በኛ። ለየብቻ በሁለት ገበታ ነው የበላነው፤ ሁለቱም ሕጉን አልተወም። የበላነው ግን ከአንድ ድስት ነው።

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ አልላችሁም። ከዚያ ወዲህ እናቴን ሰላም የማይሉ አሉ፤ ገበያ ላይ ሸክላዋን አንስተው ያዩና ማንነቷን ሲሰሙ የሚያስቀምጡ አሉ። እሷ ግን ቅዳሜ ራሷን አያማትም። ዓርብ ከሰዓት እትዬ ደብሪቱ በአጥሩ ላይ፣ “ጥሩ፣ ፀሐይዋ እየሄደች ነው፤ እሳትሽን” ብለው ይጣራሉ አሉ። አሁን አስታዋሿ እሳቸው ናቸው።

እኔም ወደ ጋምቤላ ስመለስ ለክፍል ኃላፊዬ ቅዳሜ የማልሠራው ቤተ እስራኤል ስለሆንኩ ነው ብዬ ነገርኩት። “ታዲያ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ተራሽን በደንብ አወጣልሽ ነበር” አለኝ፤ በቃ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ለራሳችሁ ብላችሁ የቆለፋችሁት ሣጥን ካለ፣ ሁሉም ይከፈት አልልም፤ ጊዜና ቦታ አለው፣ አደጋም አለው። ነገር ግን ከውጭ የቆመውን ሰው ሳትጠይቁ ሌባ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። እኔ ፈርጄ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቶብኛል። ያን ዕለት ድስት ልደብቅ ስወርድ እናቴ ኮረብታው ላይ ስለ ወላጆቿ የተናገረችውን አልሰማሁም። ስንት ጊዜ ጠየቅኳት። “የነበረ ሰምቷል” ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አትነቃነቅም። አባ ምናሴን ብጠይቃቸው ከእናትሽ አፍ ነጥቄ አልነግርሽም አሉኝ። ትርሲትም ከእኔ ጋር ነበረች።

ስለዚህ ያን ቀን እላይ የነበራችሁ ወገኖቼ፣ ድንጋያችሁን ከእናቴ ድንጋይ አጠገብ ያስቀመጣችሁ፣ እህል የበተናችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ካያችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ቃል በቃል ባታስታውሱት ግድ የለኝም። የማንን ስም እንደጠራች፣ ድምፅዋ ጎልቶ ይሁን ተንቀጥቅጦ፣ የሰማችሁትን ያህል ንገሩኝ። የእናቴን ድምፅ በሹክሹክታ ብቻ ነው የማውቀው።